የደምሌ ዓሣዎችና የኢዘዲን ዓይን

ኢዘዲን ዓሣ የሚበላ እንጂ ቁጭ ተብሎ የሚታይ ነገር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። ስለዚህ ባለሆቴሉ ደምሌ ያን የሚያህል የመስታወት ገንዳ ከባሕር ዳር በአይሱዙ አስጭኖ ወደ እስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ሲያስገባ፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ሲያይ እሱ ከኋላ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ገንዳው የአንድ አልጋ ርዝመት አለው። ባሕር ዳር የነበረ አንድ ሎጅ ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ ነው ደምሌ ያገኘው። በአዳራሹ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው፣ ውኃ ሞላው፣ የውኃ ሣር ተከለበት፣ ቀያይና ነጫጭ ትናንሽ ዓሣዎች ለቀቀበት። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም ደንበኛ እየመጣ "ከእነዚህ አንዱን ጥበሱልን" እያለ የደምሌን ልጅ ቃልኪዳንን አሰለቻት።

ለኢዘዲን ግን ከዓሣው ይልቅ መብራቱ ትኩረቱን ሳበው። ከገንዳው በላይ እንደ ክዳን በተደፋው ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት አምፖሎች አሉ። የቤት አምፖል አይደሉም፤ ሜታል ሃላይድ የሚባሉት፣ ስታዲየም ላይ የሚሰቀሉት ዓይነት ናቸው። ማብሪያውን ሲጫኑት ወዲያው አይፈኩም። መጀመሪያ እንደ ፍም ይቀላሉ፣ ከዚያ እየጋሙ እየጋሙ ሄደው ቀን ያስመስላሉ። አንዴ ካጠፏቸው ደግሞ እስኪቀዘቅዙ ድረስ ቢለምኗቸውም አይበሩም። እያንዳንዳቸው ባላስት የሚባል፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ የየራሳቸው ሳጥን አላቸው፤ ኃይሉን መጥኖ የሚሰጣቸው እሱ ነው። ኢዘዲን ስለ እንዲህ ያለ መብራት ሰምቷል እንጂ በእጁ ፈትቶ አያውቅም ነበርና ልቡ ቀረ።

ሰውየው ከሽቦ ጋር ነው ያረጀው። የተወለደው ስማዳ፣ ወገዳ ነው። አባቱ ጨርቅ በበቅሎ ጭነው ከወገዳ አርብ ገበያ፣ ከአርብ ገበያ እስቴ ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ግን ገና ጎረምሳ ሳለ መካነ ኢየሱስ የሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ልቡን ሰረቀውና እዚያው ቀረ። ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም፣ ከሞተሩ ጋር በቀበቶ የተያያዘችውን ትንሽ ዲናሞ ሲነካካ የመብራት ነገር ገባው። የመብራት መስመር ወደ ከተማዋ ሲመጣ ሽቦ መዘርጋት የሚችል ሰው ጥቂት ነበርና የከተማዋን ግማሽ ያበራው እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አሁን ስድሳ ሊሞላው ነው። ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል። ሚስቱ ነፊሳ በገበያው ረድፍ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ በቀለም ነገር የተመሰከረላት ናት። ይህ ጥለት ከዚያ ቀሚስ ጋር ይሄዳል አይሄድም ብሎ ለመጠየቅ ከታች ጋይንት ድረስ ሴት ይመጣባታል።

ጾሙ ሲጋመስ ደምሌ ኢዘዲንን አስጠራው።

"ጋሽ ኢዘዲን፣ ገንዳዬ ለሁለት ተከፈለ" አለው። "ግራው ቀን ነው፣ ቀኙ ምሽት። ዓሣዎቹም ሁሉ ወደ አንድ በኩል ተሰደዱ።"

እውነቱን ነበር። የቀኙ አምፖል ይበራል፣ ግን ደክሟል። በእሱ በኩል ያለው ሣር መገርጣት ጀምሯል። ኢዘዲን መሣሪያውን ዘርግቶ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ ብልሽት ሲገጥመው መቸኮል አይወድም፤ አንድ ነገር ይነካል፣ ያያል፣ ከዚያ ሌላውን ይነካል። መጀመሪያ የጠረጠረው የከተማውን ኃይል ነበር፤ ሲመሽ ይዳከማልና። ግን ሁለቱም አምፖሎች የሚጠጡት ከአንድ መስመር ነው፤ ጥፋቱ የመስመሩ ቢሆን ሁለቱም ባንድነት በደከሙ። ቀጥሎ ከአምፖሎቹ ሥር ያለውን መከለያ መስታወት አወጣው። ከገንዳው የሚተነው ውኃ ነጭ ነገር ጋግሮበታል። በሎሚ አሽቶ አጠበውና መለሰው። ትንሽ ተሻለ፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

"እንግዲህ ቦታ እናለዋውጣቸው" አለ። አጥፍቶ እስኪበርዱ ጠበቀ። የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዞረና አበራ። ቃልኪዳን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ምን ለማወቅ ነው?" አለችው።

"ጥፋቱ የአምፖሉ ከሆነ ከአምፖሉ ጋር ይሄዳል። የቦታው ከሆነ ከቦታው ይቀራል።"

አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ጋሙ። ድንግዝግዙ እዚያው ቀኝ በኩል ቀረ። ስለዚህ አምፖሉ ንጹሕ ነው። ኢዘዲን የባላስቶቹን ሳጥን ከፈተ። በቀኙ ሳጥን ውስጥ ያለው፣ ካፓሲተር የሚባለው ኃይል አጠራቃሚ ሆዱ ተነፍቶ ነበር፤ በእጁ ዳብሶ አወቀው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ተመሳሳይ ፈልጎ አምጥቶ ቀየረው፤ ገንዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። ደምሌ ተደሰተ፣ ዓሣዎቹም ወደ ቀኝ ተመለሱ። ኢዘዲን ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው ደረቱን ነፍቶ ነው።

ፋሲካ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የግራው አምፖል ቦግ እልም ማለት አመጣና ጨርሶ ሞተ። ዕድሜው አልቆ ነው፤ ለዚህ ምርመራ አያስፈልገውም። ደምሌ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን ለምኖ አንድ አዲስ አምፖል አስላከ። የቃልኪዳን ሠርግ ከዳግማይ ትንሣኤ ወር ቆይቶ እንዲሆን ተቆርጦ ነበርና መልሱ በዚሁ አዳራሽ ነው። ኢዘዲን አዲሱን አምፖል ገጠመ፣ እስኪግም ጠበቀ፣ ወደ ኋላ ብሎ ተመለከተ።

"አለቀ። ተስተካክሏል" አለ።

ቃልኪዳን አባቷን አየችው።

"ምነው?" አለ ኢዘዲን።

"ጋሽ ኢዘዲን፣ አይቆጡኝና" አለ ደምሌ፣ "አንዱ ጨረቃ፣ አንዱ ፋኖስ መስሏል።"

ኢዘዲን እንደገና አየ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ሁለቱም እንደ ማር ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ብርሃን ነው የሚሰጡት። ቴስተሩን አውጥቶ ለካ። ለሁለቱም የሚደርሰው እኩል ነው። ቁጥሩን ለደምሌ አሳየው።

"ቴስተር አይዋሽም" አለው።

"ቴስተሩን መች ጠላሁት? ዓይኔ ነው እንጂ ያስቸገረኝ። ያኛው ሰማያዊ ነው። ይኼኛው ቢጫ ነው።"

"ሰማያዊ የሚባል ነገር እዚህ የለም።"

ቃልኪዳን በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችው። "ይኸው ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይለያል" አለችው። ኢዘዲን ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ስልኩም ላይ አንድ ነው። ደሙ መሞቅ ጀመረ። አባትና ልጅ ለሠርጉ ሲሉ ሰበብ የሚፈልጉበት መሰለው፤ ወይም አርጅቷል ብለው ሌላ ባለሙያ ሊያመጡ ፈልገው በዙሪያ ጥምጥም የሚነግሩት።

"እንግዲያው ነፊሳ ትምጣና ትፍረድ" አለ። "በቀለም እሷን የሚያሞኛት የለም።"

ነፊሳ ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ የጨርቅ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። ባሏ በአዳራሹ መካከል ቆሟል። ደምሌ ነገሩን ረጋ ብሎ ነገራት። ነፊሳ ገንዳውን አየች። ከዚያ ከገንዳው ዓይኗን አንሥታ የባሏን ፊት አየች።

"እኩል ነው" አለች።

ቃልኪዳን አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ ደምሌ በዓይኑ አስቆማት። "እንግዲያው እኛ ነን የተሳሳትነው" አለ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ኢዘዲን።" አነጋገሩ እውነት የሚያምን ሰው አነጋገር አልነበረም፣ ግን ክብር ነበረው።

ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ዘንበል ብላለች። ከብት የሚነዱ ሰዎች አልፈዋቸው ሄዱ። ኢዘዲን ስለ ደምሌ እያጉረመረመ ነበር፤ ሀብት ሲመጣ ሰው እንዴት እንደሚለወጥ፣ ድሮ ደምሌ በአንዲት ክፍል ሻይ ሲሸጥ ሽቦውን በነጻ የዘረጋለት እሱ መሆኑን እንዴት እንደረሳ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ ነፊሳ ቆመች።

"ዋሽቼ ነው" አለች።

"ምኑን?"

"መብራቱን። እኩል አይደለም። አዲሱ ሰማያዊ ነው፣ እንደ በረዶ። አሮጌው እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። ማንም የሚያየው ነው።"

"ታዲያ ለምን እኩል ነው አልሽ?" አላት።

"በሰው ፊት ምን ልበል?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን እንድል ከፈለግህ ይኸው አሁን እልሃለሁ። ለዒድ ያሰፋሁትን ሐምራዊ ቀሚስ ምን አልከኝ? ቡናማ አልከኝ። ልብስህን ስታወጣ ሰማያዊውን ከጥቁሩ አትለይም። ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው መሙላቱን በጣትህ ነው የምታውቀው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣብህ ሰላም ያለህን ሰው አታውቀውም፤ ሰዉ ኮርቶ ነው ይላል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?"

"ካለፈው ክረምት።"

"ይኼን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ።"

"አንተስ?" አለችው። ድምፅዋ አልከፋም፣ ግን አልለሰለሰም። "አንተ ለምን ዝም አልክ?"

ለዚህ መልስ ነበረው፣ አውጥቶ ግን አልተናገረውም። ታላቅ ወንድሙ ጁነይዲ ወገዳ ሳለ ዓይኑ ሲደበዝዝበት አንድ የባህል ባለመድኃኒት ዘንድ ሄዶ በመርፌ አስነክቶ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ፤ ጁነይዲ እስኪሞት በሰው እየተመራ ኖረ። ኢዘዲን ያን መርፌ አላየውም፣ ግን ሲያስበው ኖሯል። ስለዚህ ዓይኑ ሲጋረድበት ለራሱ ሰበብ ሰጠው። የከተማው ኃይል ወርዷል አለ። አምፖል ዛሬ እንደ ድሮው አይሠራም አለ። መነጽር ቀየረ። ነገሩ ደግሞ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም፤ እንደ ጢስ ቀስ እያለ ነው የገባው። ዓለሙ በሙሉ ወደ ቢጫ ሲያዘነብል፣ ከእሱ ጋር የሚያመሳክረው ሌላ ዓለም አልነበረውም።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቀጥ አለ።

"ነፊሳ" አላት። "ሽቦ።"

"ምን ሽቦ?"

"የዘረጋሁት ሁሉ። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው የምለየው በዓይኔ ነው።"

እሷ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ እየሄዱ ነገራት። ወደ አንድ ሶኬት ሦስት ሽቦ ይገባል። አንዱ ኃይል ያለበት ነው፤ እሱን በኪሱ የሚይዛት ብዕር መሳይ መፈተሻ በርታ ታሳብቅበታለች። የቀሩት ሁለቱ፣ ኃይሉ የሚመለስበት ሰማያዊውና መሬት የሚገባው አረንጓዴው፣ ለብዕሯ አንድ ናቸው፤ ለሁለቱም አትበራም። የሚለያቸው ቀለማቸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀለማቸውን አይቶ ነው ያሰረው፤ ሌላ ማረጋገጫ አስፈልጎት አያውቅም። እነሱ ሲቀያየሩ ደግሞ መብራቱ ይበራል፣ ፍሪጁ ይሠራል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ግን የፍሪጁ ገላ ኃይል ከሚመለስበት ሽቦ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ያ ሽቦ አንድ ቀን አንድ ቦታ ቢበጠስ የፍሪጁን በር የያዘውን ሰው ኃይሉ ይዞ አይለቀውም።

"ቦጋለች" አለ። "ቦጋለች ፍሪጁ ይነዝረኛል ብላኝ ነበር። ወለልሽን አድርቂ አልኳት።"

በማግሥቱ ቦጋለች ሱቋን ስትከፍት ባልና ሚስቱ በር ላይ ነበሩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ነፊሳ ግን ሱቋን አልከፈተችም። ቦጋለች ለስላሳና ውኃ የምትቸረችር፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ኢዘዲን ቆጣሪው ጋ ሄዶ ኃይሉን አጠፋ፣ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈታ፣ ሽቦዎቹን ወደ ብርሃን አወጣ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ።

"ሰማያዊ" አለች ነፊሳ።

"ይኼኛውስ?"

"አረንጓዴ፣ ቢጫ መስመር ያለው።"

ተቀያይረዋል። እጁ ላይ ይዟቸው ቆየ። ከዚያ በየቦታቸው መልሶ አሰራቸው፣ ነፊሳ እየጠራችለት። ሲጨርስ ለቦጋለች ነገሩን እንዳለ ነገራት፤ ሳያሳጥር፣ ዓይኑንም ሳይደብቅ።

ቦጋለች እስኪጨርስ ሰማችው። "እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር" አለችው።

"ነግረሽኛል።"

"ወለልሽን አድርቂ አሉኝ።"

"ብያለሁ።"

"ልጄን ፍሪጁን ሲከፍት እጁን በጨርቅ እንዲጠቀልል አስተምሬዋለሁ። ምን ይሆናል ብዬ ነው? እርስዎ ደህና ነው ካሉ ደህና ነው ብዬ።" ከዚያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው መለሰች። "ሌላም ቤት ካለ ሂዱ። ሰው ሳይጎዳ።"

ይቅር አላለችውም፣ አልሰደበችውምም። ኢዘዲን ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ሌላም ቤት ነበረ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የነካቸውን ቤቶች ከራሱ እያስታወሰ፣ ነፊሳም የረሳውን እያስታወሰችው፣ በየበሩ እየቆሙ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። እሱ ይፈታል፣ እሷ ቀለሙን ትጠራለች። መጀመሪያ ላይ ነፊሳ ሽቦ መንካት ትፈራ ነበር። ኋላ ግን እሱ ሳይጠይቃት በፊት "ይኼ ልክ ነው፣ እለፈው" ማለት ጀመረች። አብዛኛው ልክ ነበር። ልክ ያልሆነም ተገኘ፤ እዚያም እንደ ቦጋለች ቤት ቁጭ ብሎ አስረዳ። አንዳንዱ ሰው መረቀው፣ አንዳንዱ ተጠራጠረው። ወሬ መቼም እግር አላት፤ ኢዘዲን ዓይኑ ጠፋ፣ በሚስቱ እየተመራ ነው ተባለ። ሥራ የሚጠራው ሰው ቀነሰ። እሱም አልተከራከረም።

በዚሁ ዙር ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ወደሚኖሩት ወደ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቤት ደረሱ። መሪጌታ ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኢዘዲን ጋር ከወፍጮ ቤቱ ዘመን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የእሳቸው ሽቦ ልክ ሆኖ ተገኘ። ኢዘዲን ግን ሶኬቱን መልሶ ገጥሞ ሲያበቃ አልተነሣም።

"የኔታ፣ እርስዎ ዓይንዎን ታክመዋል ሲባል ሰምቻለሁ" አላቸው።

"ሁለቱንም" አሉት። "እኔ እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርህ። መጽሐፌ ላይ ጥቁሩን ከቀዩ እለያለሁ፤ ጽሑፉን አነባለሁ። ከላይ በጌጥ የተሣለው ሐረግ ግን ሰማያዊ ቀለሙ ጠፋኝ። ጥቁር ሆነብኝ። መጽሐፉ አረጀ አልኩ እንጂ እኔ አረጀሁ አላልኩም። ደቀ መዛሙርቱን እንኳ ጢስ አስገብታችሁበት ነው እያልኩ እቆጣ ነበር።"

"ታዲያ ቢላው?"

"ቢላ አላየሁም። የሚያደነዝዝ ነገር አደረጉብኝ፤ ያየሁት ብርሃን ብቻ ነው። ሳልጨነቅ ቀረሁ አልልህም፤ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነው ያለቀው።"

ኢዘዲን የጁነይዲን ነገር ነገራቸው። ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር፤ ነፊሳ እንኳ የመርፌውን ነገር በደፈናው ነው የምታውቀው። ወንድሙ ከዚያ ወዲያ በጆሮው ብቻ ሲኖር፣ እሱ ወገዳ ሄዶ ሲጠይቀው ሁልጊዜ "ደግሞ መብራት አስገባህ አሉ፤ እንዴት ነው የሚያበራው?" እያለ ይጠይቀው እንደነበር ነገራቸው።

"ጁነይዲ ያገኘውን ነው የሞከረ" አሉ መሪጌታ። "አንተ ሌላ አግኝተሃል። ሳትሞክረው ብትቀር ለወንድምህ ምን ይጠቅመዋል?"

ከሕክምናው በፊት ግን የደምሌ ገንዳ ነበር። ኢዘዲን ወደ ሆቴሉ ሄዶ ደምሌን ለብቻው ጠራውና የእሱ ዓይን እንጂ የእነሱ ዓይን እንዳልተሳሳተ ነገረው። ደምሌ ስለ ነፊሳ ምንም አልጠየቀም። ኢዘዲንም ጨርሶ ከነገረው በኋላ ወደ ሥራው ገባ።

"አምፖል እንደ በሬ ነው" አለው። "አሮጌውን ከወይፈን ጋር ብትጠምደው አይሄድም። አንዱ ሲሞት ሁለቱም መለወጥ ነበረባቸው። ደግሞ ብርሃናቸውም ዓይነት አለው፤ ካርቶኑ ላይ በቁጥር ይጻፋል። እኔ አላነበብኩትም።"

ቃልኪዳን የአዲሱን አምፖል ካርቶን አምጥታ ቁጥሩን አነበበችለት። ለዘመዳቸው ደውላ ያንኑ ቁጥር፣ ከዚያው ሠሪ እንዲልክ ነገረችው። መንገድ አስቸግሮ አምፖሉ ቆየ፤ ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደረሰ። ኢዘዲን ገጠመው። ሁለቱ አምፖሎች ቀልተው፣ ጋመው፣ ፈኩ። ለእሱ ያው ማር የመሰለ ብርሃን ነው፤ ከዚህ ቀደም ካየው ምንም ልዩነት የለውም።

"እኩል ነው?" ብሎ ቃልኪዳንን ጠየቃት።

እሷ ጊዜ ወስዳ አየች። ከግራ በኩል ሄዳ፣ ከቀኝ በኩል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ በውኃው ውስጥ አየች። "እኩል ነው፣ ጋሼ" አለችው።

ኢዘዲን መሣሪያውን ሰበሰበ። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው አልቋል የሚለው እሱ ነበር፤ የዛሬው ግን በሌላ ሰው ቃል አለቀ። እንደፈራው አልከበደውም። ልጅቱ ተጠንቅቃ ማየቷን ልብ ብሎ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ነፊሳና እሱ ወደ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ ተሳፈሩ። የሄደው ለምርመራ ብቻ ነው እያለ ነበር፤ እሷም "አዎ፣ ለምርመራ ብቻ" እያለች የአልጋ ልብስና ስንቅ ይዛ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነው። ዓይኑን በመሣሪያ አይቶ ሞራ መሆኑን፣ ሁለቱም ዓይን ላይ መሆኑን፣ የቀኙ የባሰ መሆኑን ነገረው። ኢዘዲን ብዙ ጠየቀው። መርፌው የት ይገባል፣ ምን ያወጣል፣ በምትኩ ምን ይገባል? ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ አሳየው። የቆሸሸውን መስታወት አውጥተን ንጹሕ መስታወት እናስገባለን ሲለው ኢዘዲን ሥዕሉን እየተመለከተ ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው ይሁን" አለ።

ተራው ደርሶ ሲያስገቡት ነፊሳ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዱዓ እያደረገች ቆየች። እሱ በኋላ ስለዚያ ሰዓት ብዙ አላወራም። ከላይ ጠንካራ መብራት እንደነበረ፣ እጁን ሆዱ ላይ አቆላልፎ እንደያዘ፣ የሐኪሙ ድምፅ እንደ ሥራ ባልደረባ ድምፅ ረጋ ያለ እንደነበረ ብቻ ነገራት። ስለ ጁነይዲ አሰብኩ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ የቀኝ ዓይኑን መሸፈኛ አነሣችለት። እንባ ሞላበት፣ ጠራረገችለት፣ ጠብታ አደረገችበት። ሐኪሙ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ አስነበበው። አነበበ። ሁለተኛው ዓይን ከክረምት በኋላ እንደሚታከም፣ እስከዚያ አቧራና ሸክም እንዳይነካ ተነገረው። መነጽር ተሰጥቶት ወጣ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ቁርስ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ነፊሳ ፉል አዘዘች። ሻርፗ ከግንባሯ ትንሽ ሸሽቶ ነበር፤ ኢዘዲን ሲያያት ቆየ።

"ምነው?" አለችው።

"ሸብተሻል።"

ሻርፗን ሳብ አደረገች። "ድሮ ነው።"

"አልነገርሽኝም።"

"ይኼም ይነገራል እንዴ?" አለችና ሳቀች። "እንግዲህ ያየኸውን አይተሃል፤ ብላ።"

በላ። ዳቦውን እየቆረሰ አልፎ አልፎ ቀና እያለ ያያት ነበር፤ ፊቷ ላይ ከዓይኗ ጥግ ወደ ጉንጯ የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። መቼ እንደመጡ አያውቅም። እሷ መታየቷን አውቃ አልተደበቀችበትም። ረዳቱ "እስቴ፣ እስቴ" እያለ መጣራት ሲጀምር ተነሡ። ነፊሳ እንደ ልማዷ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ልትቀመጥ ስትል ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"በመስኮቱ በኩል እኔ ልቀመጥ፣ መንገዱን ልየው" አላት።

ገለል ብላ አሳለፈችው።